ያልተበጠሰው ገመድ

ክረምት በገባ ቁጥር ወንዛችንን ሰው የማሻግረው እኔ ምስጋኑ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንኑ ስለፈልፍ ኖሬያለሁ፤ ሰሚ ግን የለም። ውሃ ከወሰደህ አትታገለው። በጀርባህ ተንጋለል፣ እግርህን ወደ ፊት አስቀድም፣ በሰያፍ ወደ ዳር ቅዘፍ። ጋቢህን ጣል፤ ጋቢ ውሃ ከጠጣ ድንጋይ ነው። ከሁሉም በላይ ወገብህ ላይ ያለውን ገመድ እንደ በቅሎ ማሰሪያ በአንድ ስበት እንዲፈታ አድርገህ ቋጥር።

ታናሽ ወንድሜ ሰውአገኝ ይስቅብኝ ነበር። «የሚፈታ ከሆነ ለምን እንታሰራለን?» ይለኛል። ሞኝ! ይኸው ሞኝነቱ ነው ዛሬ አንጀቴን የሚበላኝ።

ነሐሴ ላይ ከሙጃ ገበያ ስንመለስ ወንዙ ገና ከጉልበት አላለፈም ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ይህን እያወቅሁ ገባሁ። በአንድ ገመድ ተያይዘን መሀል ስንደርስ፣ ላይ አገር የዘነበው ደራሽ ውሃ መጣ። እኔን ጠልፎ ጣለኝ፤ የሰውአገኝ እግር በሁለት ድንጋይ መሀል ተቀረቀረ። ገመዱ ተወጠረ። ጎርፉ በላዬ ላይ ይሄድ ጀመር፤ ቀና ማለት አቃተኝ። ሰውአገኝ ገመዱን ሲስብ ይሰማኛል፤ እኔን ሊያወጣ ነበር የሚስበው። ቋጠሮዬን ፈታሁት።

ከዚያ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ እግሬን አስቀድሜ፣ ልክ እንደማስተምረው አድርጌ ወጣሁ፤ ዞሬ ሳይ ሰውአገኝ በቦታው አልነበረም።

ዳር ላይ ለተሰበሰበው ሰው «ገመዱ ተበጠሰ» አልኩ። አገሩ ሁሉ ገመዱን ረገመ። መርጌታ አረጋ ሳይቀሩ «ቀኑ ደርሶ ነው ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ?» ብለው አጽናኑኝ። አንገቴን ደፍቼ ማጽናኛቸውን ተቀበልኩ።

የሰውአገኝ አስከሬን በሁለተኛው ቀን ታች ተገኘ። በሠልስቱ፣ ለቀስተኛው ወጣ ሲል፣ ሚስቱ አስቻለች ወደ ጓዳ ጠራችኝና ከጆንያ ውስጥ ገመዱን አወጣች።

«ከወገቡ ላይ እኔ ነኝ የፈታሁት። ድርብ አድርጎ ነበር የቋጠረው፤ በጥርሴ ታግዬ ነው። ያንተ ጫፍ ይኸው።»

ጫፉ እንዳይተረተር እኔው ራሴ በእሳት የለበለብኩት ነው። ምንም አልሆነም።

«የቱ ጋ ነው የተበጠሰው ምስጋኑ?»

ከወንዙ ይልቅ እሷን ፈራሁ።

«ፈታሁት» አልኳት በመጨረሻ።

«እሱ ቢሆን ይለቅህ ነበር?»

«አይለቀኝም ነበር።»

አላለቀሰችም። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ።

«ልጆቼ ገመዱ ለምን ተበጠሰ እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ዋሽቼ አላሳድጋቸውም፤ አንተው ንገራቸው» አለችና በበሩ ብቅ ብላ ጠራቻቸው።

ሁለቱ ሴት ልጆቿ እየሮጡ ገቡ፤ እንደ ልማዳቸውም ጭኔ ላይ ወጥተው ተቀመጡ።