ከሦስተኛው ረድፍ የማያልፍ ድምፅ

የእንግሊዝኛ መምህርቷ ታቢታ ድምፅ ሲታደል ዘግይታ የደረሰች ናት እያሉ ባልደረቦቿ ያሟት ነበር። ሐሜቱ ልክ አልነበረም። ልጅ ሳለች ከመዘምራኑ ሁሉ የሷ ድምፅ ተለይቶ ይሰማ ነበር። ነገሩ የተበላሸው ቀበሌው ጸሎት ቤታቸውን ቆልፎ የስንዴ መጋዘን ካደረገው ወዲህ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በየሰው ሳሎን፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ነጠላ በአፍ ተይዞ ሃሌ ሉያ በሹክሹክታ ሲባል ከረመ። ጉሮሮም እንደ ሰው ይለምዳል፤ የሷም ለመደ።

በዚህ የአዋሳ ሰው አልተቸገረም። የተቸገሩት ከላይ የመጡት ኢንስፔክተር ጓድ በኃይሉ ናቸው። በጥቅምት ክፍሏ ገብተው መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጡና፣ ግራኝ ናቸውና በግራ እጃቸው፣ «ድምፅዋ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም» ብለው ጻፉ። በግንቦት ተመልሰው ለውጥ ካላዩ ዝውውር ነው። የተባለው ቦታ ደግሞ አውቶብስ በሳምንት አንዴ የሚደርስበት፣ ዝናብ ከጣለ እሱም የሚቀርበት ወረዳ ነው። አሁን ግንቦት ገብቷል፤ ታቢታም ለሠርጓ ሰባት ሳምንት ቀርቷታል። እጮኛዋ አምሳሉ መሃል ከተማ ፖስታ ቤት ቴሌግራም ተቀባይ ነው፤ እሱን ይዞ የሚዛወር የለም።

«ስሚኝ ታቢታ» አላት ዳይሬክተሩ ሽበሺ፣ ቢሮው ጠርቶ። «ድምፅ ከሌለሽ ድምፅ ያለው ትምህርት አስተምሪ። አንቺ ዝም በይ፤ ልጆቹ ይጩኹልሽ!»

«እንዲህም ይቻላል?»

«በዚህ አገር ከዚህ ሌላ ምን ይቻላል?» አለና ወዲያው በሩ መዘጋቱን አየ።

ታቢታ የዘጠነኛ ክፍሉን መጽሐፍ ገልብጣ ፈረንጆች ለጩኸት ያወጧቸውን ስሞች የያዘውን ገጽ አገኘች። ልጆቹን በየፈርጁ አሰለጠነቻቸው። ሻውት ሐይቁ ላይ በጀልባ ያለውን ሰው ከዳር ሆነው ሲጣሩት ነው። የል የጋሪ ነጂ ለጋሪ ነጂ መንገድ ሲከለክለው ነው። ስክሪም እባብ ያየ ሰው ኡኡታ፣ ቺር ኳስ መረብ ስትነካ፣ ኧውች እሾህ ሲወጋ። ሐሙስ የተደረገው ልምምድ ልብ ያጠግብ ነበር። የክፍሉ አለቃ ጠሀ፣ የባለሱቁ ልጅ፣ «ኤይ! ካም ሂር!» ብሎ በሌለ ጀልባ ላይ ያለውን የሌለ ሰው ሲጣራ፣ ጣሪያው ላይ የቆመው ትልቅ የሐይቅ ወፍ፣ አባ ኮዳ ሳይቀር አንገቱን አዙሮ አየ።

ዓርብ ጠዋት ጓድ በኃይሉ ከሽበሺ ጋር ገቡ። በጥቅምት የመጡት በተራ ኮት ነበር። አሁን ግን የካድሬ ዩኒፎርማቸውን ግጥም አድርገው ለብሰዋል። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

ስልሳ ሰባቱ ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ነገር ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ባለበት ጩኹ ሲባል ምን እንደሚጮህ። እዚህ ላይ የሐሙስ ልምምድ ምን ያደርጋል?

ታቢታ ሰሌዳው ላይ ጽፋ፣ በዚያች ቀጭን ድምፅዋ፣ «ሻውት» አለች።

ጠሀ ብድግ አለ። ግራ ቡጢው ወደ ላይ። «ኢምፔሪያሊዝም!»

«ይውደም!» አለ ክፍሉ፣ ሁሉም ቆሞ፣ ሁሉም በግራ እጁ።

ጓድ በኃይሉም ተነሡ። መፈክር ሲባል ተቀምጦ የተገኘ ሰው፣ በኋላ ቆሞ የሚያስረዳበት ቦታ ደስ አይልም። ግራ እጃቸው ከነእስክሪብቶው ተሰቀለ። ሽበሺም ከአጠገባቸው ሰቀለ።

ልጆቹ ተቀመጡ፤ ጓድ በኃይሉም ተቀምጠው እስክሪብቶውን ወደ ወረቀቱ አወረዱ። ታቢታ ነገሩን ለማቃናት ወደሚቀጥለው ቃል ሮጠች። «የል።»

«ፊውዳሊዝም!»

«ይውደም!»

እስክሪብቶው እንደገና ተሰቀለ።

«ስክሪም» አለች፣ ላብ እያጠመቃት። ይኼንንስ ሴቶቹ እባብ ነው ይሉ ይሆናል ብላ ነበር። ሴቶቹም በእባብ ድምፅ «ይውደም!» አሉ።

«ጎበዝ ናቸው» አሉ ጓድ በኃይሉ ለሽበሺ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው። «ግን መቼ ነው የሚቀመጡት?»

«ያልቃል ጓድ፣ ያልቃል።»

አላለቀም። ጠሀ ሞቆታል። አሁን ቃልም አይጠብቅም፤ በዓለም ላይ ያሉ ጠላቶችን በተራ እየጠራ ያስወድማል። የጓድ በኃይሉ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወረቀታቸው ግን እንደነጣ ነው። ታቢታ «ሲት ዳውን» አለች። ሦስቱ የፊት ረድፎች በትሕትና ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ያሉት አልሰሙም፤ ቆመው ቀጠሉ።

ታቢታ ያንን አየች። ሦስት ረድፍ ቁጭ፣ ሌላው ቁም፤ የጥቅምቱ ወረቀት ሥጋ ለብሶ። አውቶብሱ በሳምንት አንዴ የሚደርስበት ወረዳ ታያት። አምሳሉም ታያት፣ ያለ ሙሽራ፣ ቴሌግራም ሲቆጥር። ደረቷ ውስጥ አራት ዓመት ታፍኖ የኖረ ነገር ሁሉ አንድ ላይ ተነሣ።

«ሲት! ዳውን!»

አባ ኮዳው ከጣሪያው ተነሥቶ ወደ ሐይቁ በረረ። ልጆቹ እንደ ታጨደ ጤፍ ተነጠፉ። ከሁሉ ቀድመው የተቀመጡት ግን ጓድ በኃይሉ ናቸው። ከግድግዳው ማዶ የነበረው ክፍልም ተቀመጠ፤ የጂኦግራፊው መምህር አለሙ ራሱ ጠመኔውን እንደያዘ ቁጭ ብሏል፤ ለምን እንደተቀመጠ እስከ ዛሬ አያውቀውም።



«ይቺኛዋ የትኛዋ ናት?» ሲሉ ጠየቁ ጓድ በኃይሉ፣ ክንዳቸውን እያሹ። «ሻውት ናት ወይስ የል?»

ታቢታ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ከውስጥ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። በጣቷ ሰሌዳው ላይ ሁለተኛዋን ቃል አሳየች።

ጓድ በኃይሉ በሰፊው ሊጽፉ አስበው ነበር፤ የትምህርቱ ዓላማ፣ የአቀራረቡ ጉድለት፣ አስተያየት። የደነዘዘው እጃቸው ግን ከአምስት ቃል በላይ አልታዘዝ አላቸው። «ድምፅዋ ያልፋል። ግድግዳም ይሻገራል። ትቆይ።» ፈረሙና ወጡ።

ታቢታ በምሳ ሰዓት ፖስታ ቤት ደረሰች። አምሳሉ ከመስኮቱ ኋላ ሆኖ ፊቷን ሲያይ ደነገጠ።

«ምነው? ምን አሉሽ?»

ጉሮሮዋን ይዛ ራሷን ነቀነቀች።

«አባረሩሽ?»

የቴሌግራም ቅጽ ሳበችና ጻፈች፦ «እዚሁ ቀረሁ። ድምፄ ሄደ። ጩኽልኝ።»

አምሳሉ አንብቦ ሲጨርስ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ። «እሰይ! እሰ...ይ!»

የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ በአንድነት አጨበጨበ። ያ ዘመን መጀመሪያ የሚጨበጨብበት፣ ምክንያቱ በኋላ የሚጠየቅበት ነበር። ጭብጨባው ሲበርድ ግን ከሰልፉ ጫፍ የቆሙ የቱላ ሴት በሲዳምኛ ዘዬ፣

«ቆይ፣ ምንድን ነው ያጨበጨብነው?» አሉ።

«ሠርግ ነው እናቴ!» አላቸው አምሳሉ።

«ታዲያ እንዲህ ነው እንዴ ለሠርግ?» አሉና ዘንቢላቸውን አስቀምጠው፣ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ እልልታውን አቀለጡት።