ጋሽ ሀብተሥላሴ ያስመለሱት ድምፅ

ሄርሜላ እባላለሁ፤ ቦንጋ ውስጥ ባለ አንድ የሕዝብ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ነኝ። በአቅራቢያችን ስላለው የማንኪራ ጫካ ንብ አናቢዎች የሠራሁት ዜና ዓርብ ተላልፎ ያገኘኝ ሁሉ "አንጀታችንን አራስሽው" ይለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደን ባለሙያው ሚሊዮን በአንድ የጫካ ክፍል ለአንድ ዓመት ቀፎ እንዳይሰቀል ከለከለ፤ የተሰቀለውም እንዲወርድ አዘዘ። ሁለቱንም ወገን አነጋገርኩ። የሠላሳ ቀፎ ባለቤት የሆኑት የአዛውንቱ የጋሽ ሀብተሥላሴ እሮሮ ልቤን ነካው። የሚሊዮንን ግን ደረቅ የቢሮ ወሬ ነው ብዬ ቆርጬ ጣልኩት።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ሀብተሥላሴ ቢሯችን መጡ፤ ቦቲያቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ወንበር ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም።

"ልጄ፣ የዚያ የሚሊዮን ንግግር የት ገባ? አጠገቡ ቆሜ ሰምቼዋለሁ እኮ። ማር ሲቆረጥ በችቦ እሳት ስድስት ዛፍ ተቃጠለ ብሏል። ለንብ አናቢዎቹ ሌላ ቦታ ይሰጣቸው ብዬ ጠይቄያለሁም ብሏል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሰው ሲሰድበው አየሁ።"

"ጋሼ፣ ያ ቢተላለፍ የሚጎዳው እርስዎን ነው።"

"ይጉዳኛ! ችቦው ያመለጠው ከእኔ እጅ ነው።"

በሥራዬ ዘመን "የእኔ ለምን ቀረ?" የሚል እንጂ "የባላጋራዬ ለምን ቀረ?" የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

አለቃዬ እትዬ አፀደ ከጎን ጠረጴዛ ሰምተው ኖሯል። "የተቀዳው ድምፅ አለ?" አሉኝ።

"አለ።"

"ለስድስት ሰዓቱ ዜና አድርሺው። ጥፋቱ የእኛ መሆኑንም ራስሽ ታነቢያለሽ።"

በስድስት ሰዓት ስቱዲዮ ገብቼ አነበብኩ። የሚሊዮን ድምፅ ሲጀምር በመስታወቱ ወደ ኮሪደሩ አየሁ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሽማግሌ እንደሚያዳምጥ ሰው፣ ንግግሩ እስኪያበቃ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ስቱዲዮ ገብተው በቀጥታው ሥርጭት በገዛ አንደበታቸው "እሳቱ የእኔ ነው" አሉ።

ክልከላው ጸና። በሳምንቱ ማንኪራ ስሄድ ጋሽ ሀብተሥላሴ ዛፍ ላይ ወጥተው ቀፏቸውን ያወርዳሉ፤ ገመዱን ከታች የያዘው ሚሊዮን ነው።

"ጠበቅ አርገህ ያዝ እንጂ!" ይሉታል።

"ይዣለሁ፣ ጋሼ!"

መቅረጫዬን መክፈቱንም ረስቼ፣ አንጋጥጬ ቆምኩ።