ውሻ ደግሞ ምን ዘር አለው?

የመንደራችንን ውሻ አርቢ፣ ባልዋንን፣ እረግመዋለሁ። ነውር ነው ቢሉኝም እረግመዋለሁ።

ጉልጉላን፣ ያቺን ፊቷ የተጨማደደ የፐግ ቡችላ፣ የሸጠልኝ እሱ ነው። ገና ልጅ ሳለች አንገቷ ተጣመመ፤ በአንድ ጎን ብቻ ስትዞር ትውልና ከግድግዳ ትጋጫለች። ቀጥሎ ያንዘፈዝፋት ጀመር። ሮህታክ ከተማ ያለችው የእንስሳት ሐኪም፣ "አንጎሏ ተቆጥቷል" አለችኝ። "የገዛ ሰውነቷ ነው አንጎሏን የሚያጠቃው። መድኃኒቱ ያስታግሣል እንጂ አያድናትም። በዘር የሚሄድ ነው፤ ዘመዳሞችን ሲያዳቅሉ ደግሞ ይብሳል።" ሳምንት ሳትቆይ ጭኔ ላይ ሞተች።

እህቷ ራኒ ባልዋን ጋ ናት። ከገዛ አባቷ ጋር ሊያዳቅላት ነው ሲሉኝ ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ የገመድ አልጋው ላይ ተጋድሞ ጋያውን ይስባል።

"ባልዋን፣ ራኒን ተዋት። እህቷን የገደላት ዘሯ ነው።"

"የገደልሻትማ አንቺ ነሽ" አለኝ፤ ንቅንቅ አላለም። "ጣፋጭ ስታጎርሻት ከረምሽ። ደግሞ ዓይንሽ ደህና ዓይን መስሎሻል?"

"አባትና ልጅ ስታዳቅል አታፍርም?"

"ውሻ ደግሞ ምን ዘር አለው፣ እሜቴ? ገዢው የተጨማደደ ፊት ይፈልጋል፣ እኔ እሰጠዋለሁ።"

ደሜ ፈላ። እዚህ ሕንድ፣ እኛ ሃርያናዎች ዘንድ፣ አንድ ጎሳ የሆኑ ወንድና ሴት፣ ባይተዋወቁ እንኳ፣ ወንድምና እህት ናቸው፤ አይጋቡም። ይሄው ባልዋን ነው ለመንደሩ ሁሉ ዘር ቆጣሪ። አምና የሴት ልጁን የቢምላን እጮኛ ያባረረው፣ የእጮኛዋ ሴት አያት ጎሳ ከእኛ ጋር አንድ ነው ብሎ ነው። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ስትስቅ ያያት የለም።

ቢምላ ዱቄት በነካው እጇ ራኒን አቅፋ ከማድቤት ወጣች።

"አባባ" አለች ዝግ ብላ፣ "ለእኔ እስከ ሰው አያት ድረስ ወጥተህ ቆጠርክ። ለራኒ አባቷ ጋ መድረስ አቃተህ?"

"አስቀምጫትና ግቢ።"

"አላስቀምጥም።"

"እሷን ይዘሽ ከወጣሽ እዚህ ደጃፍ አትመለሺም።"

ቢምላ አላለቀሰችም። ራኒን እቅፌ ላይ ጣል አደረገቻትና ጫማዋን ከበሩ ሥር ፈልጋ አጠለቀች።

"እቴቴ፣ ቤትሽ ለሁለታችንም ይበቃል?"

ለውሻ መጥቼ ሰው ይዤ ልመለስ ነው። የባልዋን ፊት አመድ መሰለ፤ እኔ ግን አላዘንኩለትም።

"ይበቃል" አልኩ፣ እሱም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።