ያልታረሰው የወንድሜ መሬት

ባለመሥራቱ ነው እንግዲህ የሚከፈለው፣ ሌላ ምን ብዬ ልጥራው፣ እኔ ወገቤ እስኪቆረጥ ስቆፍር እሱ ዛፍ ሥር ተጋድሞ በመኖሩ አሁን መንግሥት ጎሽ ሊለው ነው። ከግብርና ጽሕፈት ቤት የመጣው ባለሙያ ሜትሩን እየዘረጋ በረግረጉ ዳር ይሄዳል፣ ቦት ጫማው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፣ እየሳቀ ያወጣዋል፣ ጭቃ የሚያስደስተው ሰው ገና ዛሬ አየሁ። ወንድሜ ከኋላው። ታናሼ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ሙሽራ ይመስል።

አባታችን መሬቱን ሲያካፍለን ረግረጉ እኩል ነበር የደረሰን፣ እኔ የኔን በሁለት ዓመት ቦይ ቀድጄ አደረቅኩት፣ ዛፎቹን ከነሥራቸው ነቀልኳቸው፣ እጄ እስኪላጥ፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቱም ሞዴል አርሶ አደር ብሎ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ፣ ይኸው ሳሎን ተሰቅሏል፣ ያው ጽሕፈት ቤት ነው ዛሬ ረግረጉን ለጠበቀ ክፍያ አለ የሚለው፣ ታዲያ ያኔ ማን ነው ያሞኘኝ። ሚስቴ ጠዋት ምን አለችኝ፣ ቅናት ፊትህን አጠቆረው እኮ፣ እኔ? በሱ? ዞር በይ አልኳት። ቀንቻለሁ። እንደ ቃር ደረቴ ላይ ቆሟል፣ ምን ይደረግ።

ደግሞ ያለኔ ፊርማ አይሆንለትም። ባለሙያው ቅጹን ሲያነብልኝ ድምፁ ሁሉ ተቀየረ፣ እኔ አዋሳኝ ባለይዞታው ከላይ የተጠቀሰው መሬት ላለፉት አሥር ዓመታት ያልታረሰ መሆኑን አረጋግጣለሁ፣ በአመልካቹ ታርሶ ከተገኘ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል። ውድቅ። ደስ የሚል ቃል። ታርሷላ፣ ዳር ዳሩ ታርሷል፣ ያረስኩት ግን እኔ ነኝ፣ በየዓመቱ አንድ ትልም ወደሱ በኩል፣ አንድ ብቻ፣ ማረሻው ሾልኮብኝ ነው ይባላል፣ በዓመቱ ደግሞ ሌላ፣ አርሶ የማያውቅ ሰው የት ያስተውላል ብዬ፣ ይኸው አሥር ትልም ሆነ። እሱ ነው ያረሰው ብልስ? ማን አየ። አንድ ቃል ናት፣ ክፍያው ቀረ፣ እኩል ሆንን።

ይሄ ጠርዝ ታርሷል እኮ፣ ይላል ባለሙያው፣ ቆሟል፣ ካርታውን ያገላብጣል፣ ማነው ያረሰው? እኔን ነው የሚያየው። አፌን እከፍታለሁ፣ እሱ፣ እሱ ነው ልል፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች፣ ወንድሜ ይቀድመኛል።

እሱማ የጋሼ ነው፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ ልጆች አሉት አይደል፣ እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ከኔ ልኬት ላይ ቀንሰው።

ባለሙያው እሺ ብሎ ይጽፋል። የሰጠሁት? መቼ ሰጠኸኝ፣ ሰረቅኩህ እንጂ፣ ስለዚህ ያውቅ ነበር ማለት ነው፣ አሥር ዓመት ሙሉ ሲያየኝ፣ ጋሼ ምን እያደረግክ ነው ሳይለኝ፣ ቤቴ ሲመጣ ልጆቼን አቅፎ ሲስም፣ ያን ሁሉ ጊዜ እያወቀ፣ እኔ ደግሞ ከበስተጀርባው ጅሉ እያልኩ ስስቅበት። ፊቴ ይግላል። ምነው ቢሰድበኝ፣ ምነው በባለሙያው ፊት ሌባ ብሎ ቢያዋርደኝ፣ ያኔ ቢያንስ እጣላው ነበር።

እንካ ፈርም ጋሼ። እስክሪብቶውን ያቀብለኛል፣ ዓይኔን አያየኝም፣ እንዳላፍር ብሎ ነው፣ ይሄንንም አስቦልኛል። እፈርማለሁ፣ ክፍያውን ይውሰድ፣ ረግረጉንም ይውሰድ፣ ይሄን ግን፣ እየሰረቁት ዝም የሚያሰኘውን ልብ ከየት አመጣው፣ ከአንድ እናት አይደል የወጣነው፣ ለሱ ሲደርሰው እኔ የት ነበርኩ።