ቅዳሜ ቅዳሜ ዝም ማለት

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በዓመቱ ኤልመር ክዊስት ዕድሜ ልኩን ሲመኘው የኖረውን ቡድን አገኘ፤ አግኝቶም አንጀቱ አረረ። የኖርዳል ኮሌጅ አሰልጣኝ ሆኖ ፀጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። ስፖርቱ ያው ኳስ በእጅ ታቅፈው የሚላተሙበት የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። በየመኸሩ ከሚኒሶታ ግዛት ትናንሽ ኮሌጆች ጋር ይጋጠማል፣ በየመኸሩ ይሸነፋል፤ ዋንጫውን የሚያየው የፋልክ ኮሌጅ ልጆች ተሸክመውት ሲያልፉ ነው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በእጄ ይዤው ጡረታ ልውጣ ይል ነበር። ከፈጣሪ ሌላ የጠየቀው ነገር የለም።

አሁን ከጣሊያንና ከፓስፊክ ደሴቶች የተመለሱ ጎረምሶች፣ ኧረ ጎረምሶች አይባሉም፣ ደረታቸው የሰፋ ጎልማሶች፣ በመንግሥት ወጪ ሊማሩ ኮሌጁን ሞሉት። ግማሾቹ ባለትዳር ናቸው። ከሜዳው ጀርባ በተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች ይኖራሉ፤ የሽንት ጨርቅ የሚሰጣበት ገመድ እስከ ግቡ ቋሚ ድረስ ተዘርግቷል።

ክዊስት ሰዎቹ ወታደር ስለነበሩ ሥርዓት ይወዳሉ ብሎ ገመተ። እሱ ራሱ ውስጥ እግሩ ጠፍጣፋ ነው ተብሎ ከምልመላ የተመለሰ ሰው ነው፤ ወታደር የሚያውቀው ከሲኒማ ነው። በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ጎህ ሲቀድ ፊሽካውን ነፋ። ሰዎቹ አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ በሌላው ሲጋራ ይዘው ትክ ብለው አዩት። ከመሃላቸው ቨርነን ዳል የሚባለው፣ ጣሊያን ውስጥ አንድ ጓድ የመራው፣ ቀረብ ብሎ በትህትና ተናገረው።

«ኮች፣ ፊሽካዋን ይተዉልን። እኛ እኮ ጠግበናታል።»

ክዊስት ፊሽካውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወዲያ ማጨስ ተዉ ቢላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ፤ በጊዜ ተኙ ቢላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ። አንዱማ ጭራሽ ሚስቱ ሥራ ገብታበት ሕፃኑን ይዞ መጣና አሰልጣኙን አሸክሞ ልምምዱን ቀጠለ። ከተማው ይህንን አይቶ ሲስቅ ሰነበተ።

ከሁሉ የባሰችው ግን ቅዳሜ ነች፤ የግጥሚያ ቀን። ደንቡ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ አሰልጣኝ ከአግዳሚው ወንበር አንዲት ትእዛዝ እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ ዳኛ ከሰማ ቡድኑ አሥራ አምስት ያርድ፣ አሥራ አራት ሜትር ገደማ፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሜዳ ውስጥ ክብ ሠርተው ሲንሾካሾኩ ቀጥሎ የሚሆነውን የሚወስነው ቨርነን ነው። ቨርነን ደግሞ ክዊስት ሳምንቱን ሙሉ ያስተማረውን ይተውና ደስ ያለውን ስልት ይጠራል። ኳሷን አርቆ ይወረውራል፤ ወደዚህ የሮጠ መስሎ ወደዚያ ይሮጣል። ክዊስት ዘመኑን ሁሉ የሚምልበት አንድ ስልት ነበረው፤ «በሬው» ይለዋል። ኳሷን ለግዙፉ ለአርኒ ሞ መስጠት፣ ከዚያ ሁሉም እየገፋ መሃል ለመሃል ደርምሶ መግባት። ቨርነን ስሙን ሲሰማ ፈገግ ይላል እንጂ አንድ ቅዳሜ እንኳ ጠርቶት አያውቅም።

ቢሸነፉ ኖሮ «አላልኳችሁም!» ብሎ ይወጣለት ነበር። እነሱ ግን ሥራቸው ማሸነፍ ብቻ ሆነ። የከተማው ሰው በየመንገዱ እያስቆመ ሲያመሰግነው ምስጋናው እንደ ስድብ ይቆጠቁጠው ጀመር። ቡድኑ የእኔ አይደለም ብሎ ለሚስቱ ለኢንጋ አማረረ። እሷም ድንች መላጧን ሳታቋርጥ፣ ዋንጫው ይምጣ እንጂ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅህ የለም አለችው።

የመጨረሻው ጨዋታ ከፋልክ ጋር ሆነ፤ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። በረዶው ቀልጦ ሜዳው ጭቃ በጭቃ ነበር። ቨርነን ሲወረውር ኳሷ ታዳልጠዋለች፤ ሲሮጥ ይንሸራተታል። ፋልኮች አሥራ ሁለት ለሰባት እየመሩ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኖርዳሎች እየዳሁም እየተጎተቱም ከግቡ መስመር ሁለት ያርድ ላይ ደረሱ። አንድ ሙከራ ቀራቸው። መስመሩን ካለፉ ስድስት ነጥብ አግኝተው አሸነፉ።

በሬው ነው፣ አለ ክዊስት በሆዱ። ጭቃውም፣ ርቀቱም፣ አርኒም ለሌላ ነገር አልተፈጠሩም። ልጆቹ ክብ ሠርተው ተንሾካሾኩ። ሲበተኑ ቨርነን ቀና ብሎ ወደ አግዳሚው አየና ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ክዊስት ያውቃታል። ሊወረውር ነው፤ ይሄ ዕብሪተኛ፣ በዚህ ጭቃ፣ ሊወረውር ነው። መኸሩን ሙሉ የዋጠው ነገር ሁሉ ገነፈለ። ሳያውቀው ብድግ አለ።

«በሬው! ቨርነን፣ በሬውን ጥራ!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ኳሷን አንሥቶ አሥራ አምስት ያርድ ወደ ኋላ ወሰዳት። ከዚያ ርቀት በሬም አይገፋ። ቨርነን ወረወረ፤ በጭቃ የተለወሰችው ኳስ ከማንም እጅ ሳትገባ መሬት ወደቀች። ጨዋታው አለቀ።

ክዊስት የሚቆጣው ሰው ፈልጎ መልበሻ ክፍል ገባ። እሱን ግን የተቆጣው ማንም አልነበረም፤ ሰዎቹ ተቀምጠው ሲጋራቸውን ያጨሳሉ። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደው። ቨርነን ፊት ሄዶ ቆመ።

«አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ብትሰማኝ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።»

ቨርነን ጭቃውን ከጆሮው ጠረገ። የመለሰው የጫማውን ክር ሲፈታ የነበረው አርኒ ነው።

«ኮች፣ ጠርቶት ነበር እኮ።»

«ምኑን?»

«በሬውን። ‹ሽማግሌው አንድ ቀን ደስ ይበላቸው› ብሎ። ኳሷ ለእኔ ነበረች።»

ቨርነን ዝም በል አለው፤ ግን ወሬው አንዴ ወጥቷል። ሁሉም ወደ አሰልጣኙ ዞረው አንድ ነገር ይል እንደሆን ጠበቁ። ጨዋታው ስላለቀ አሁን መናገር አልተከለከለም። ክዊስት አፉን ከፈተ፤ ግን አንዲት ቃል አልወጣውም። በመስኮቱ በኩል ፋልኮች ዋንጫውን ተሸክመው እየዘፈኑ ሲያልፉ ይሰማ ነበር፤ እንደ ወትሮው።