እሱ ጋ እየበራ እሷ ጋ የጨለመው ሞኒተር

ልጅ ሳለሁ ከመጋረጃ ጀርባ ተኝቼ የሰማሁት ንግግር አለ። አባቴና አጎቴ ናቸው። አንዱ፣ «ስሰጥህ ይናገር ነበር» ይላል፤ ሌላው፣ «እኔ ጋ ሲደርስ ዲዳ ነው» ይላል። ስለ ሬዲዮ መሰለኝ፤ ወይም ስለ ቴፕ። የትኛው የትኛውን እንዳለ አላስታውስም፣ እንቅልፍ ይዞኝ ሄዷል። የማስታውሰው ከዚያ በኋላ አጎቴ ደጃችንን ረግጦ እንደማያውቅ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ እህቴ፣ «ጋሼ፣ ዋርሳዬ የሞተ ሞኒተር ሸጠልኝ» ስትለኝ ያ ንግግር ትዝ አለኝ።

እህቴ ለማተሚያ ቤት የመጽሐፍ ገጽ ታቀናጃለች። ዓይኗ ደክሟል፤ በላፕቶፑ ላይ የግርጌ ማስታወሻ ስታነብ አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ምንም አይቀረው። የባሏ ታናሽ ወንድም ያገለገለ ትልቅ ሞኒተር ከነኬብሉ ሲያመጣላት ደስ ብሏት የወሰደችው ለዚህ ነው። ሰውየው ከቤቷ ሁለት በር አልፎ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። የጠየቁትን ሁሉ «ይሠራል» ስለሚል የሰፈሩ ሰው ስሙን «ይሠራል» ብሎታል።

«ቅዳሜ ባሌ ከመስክ ይመለሳል። ወንድሙ ሌባ መሆኑን ይስማ» አለች።

«በአንድ ሞኒተር?»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዛሬ ዝም ካልኩት ነገ ምን ሊያመጣልኝ ነው?»

ሁለቱ ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ሰበብ ሦስት ዓመት ተኳርፈው የታረቁት አምና ነው። ካስታረቋቸው አንዱ እኔ ነኝ። «ሌባ» የሚለው ቃል አንዴ ከአፏ ከወጣ ያ ዕርቅ እንደማይተርፍ አወቅሁ።

እኔ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ እየከፈትኩ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ከዕቃው በፊት ባለቤቱን እሰማለሁ። ሰው ሲያወራ የሚዘላት ነገር አለች፤ ብልሽቱ ብዙ ጊዜ እዚያች ጋ ነው።

እህቴን ከሰማሁ በኋላ ሞኒተሩን አበራሁት። የፋብሪካው ምልክት መጣ፣ ከዚያ «ኖ ሲግናል»፣ ማለትም ምስል አልደረሰኝም፣ የሚል ጽሑፍ፣ ከዚያ ጨለማ። ላፕቶፑን አጥፍቼ አስነሳሁ፣ ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ፣ ከሞኒተሩ የማስተካከያ ዝርዝር ኬብሉ የገባበትን ቀዳዳ መረጥኩለት። ያው ነው። ጀርባውን ሳዞረው ግን ሁለት ብሎኖች ጥርሳቸው ተልጧል። የዋስትናው ወረቀትም ተቀዶ በጥንቃቄ ተመልሶ ተለጥፏል። ይኼን ሞኒተር ሰው ከፍቶታል።

«ዝም አልክ» አለች።

«እያሰብኩ ነው።»

«አንተ ዝም ስትል አንድ ነገር አለ። ዓይኔ ነው እንጂ ልቤ አልታወረም፣ ጋሼ።»

አርብ ጠዋት፣ ዛሬ አፌን ጠብቅልኝ ብዬ ጸለይኩና ሞኒተሩን ከነኬብሉ ተሸክሜ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገባሁ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ ተሸክመው! ምነው ባስጠሩኝ» ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ዓይኑ ግን ሞኒተሩ ጀርባ ላይ ነበር። ያን ሳይ ይበልጥ ጠረጠርኩት።

«አይሠራም ትላለች።»

«ይሠራል።»

«ስምህን ሳይሆን እጅህን ነው ማየት የምፈልገው። ስትሞክረው እንዳደረግከው አድርግ።»

የኬብሉን አንድ ጫፍ ጠረጴዛው ሥር ካለው ኮምፒውተር፣ ሌላውን ከሞኒተሩ ሰካ። ስክሪኑ ቦግ አለ፤ የአንድ ደንበኛ ማመልከቻ ሞላው።

«ይኸው። የታመመው የሷ ላፕቶፕ ነው፤ ወይ ጥላዋለች። ድሮም አትወደኝም፣ ሰበብ ስትፈልግ ነበር» አለ።

«ንቀለው። ቀስ ብለህ።»

ጫፎቹን ተቀብዬ አየኋቸው። ከኮምፒውተሩ የወጣው አንድ ማዕዘኑ ብቻ የተቆረጠ ነው፤ ከሞኒተሩ የወጣው ሁለት ማዕዘኑ የተቆረጠ። የእህቴ ላፕቶፕ ያለው ቀዳዳ ደግሞ ሁለተኛውን ብቻ ያስገባል። ስለዚህ ኬብሉን አዙራ ሰካችው። ሞኒተሩ ለሁለቱም ዓይነት ቀዳዳ ስላለው ልክክ ብሎ ገባ፤ እኔም ትናንት አላስተዋልኩም። ኬብልን እንደ ገመድ አስበነዋል፣ ከየትኛውም ጫፍ ቢስቡት አንድ የሆነ። ይኼኛው ግን ምስል የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ይህን ስነግረው ከመደርደሪያው ሁለቱም ጫፉ እንደ እህቴ ላፕቶፕ ቀዳዳ የሆነ ኬብል አወረደ። ፊቱ ፈካ። «ተገላገልን» አለ።

«ጀርባውን ለምን ከፈትከው?»

ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ የወጡትን ሦስት ወረቀቶች ሰብስቦ አስተካከለ።

«ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ክፍል ተቃጥሎ ነበር። ከሌላ ሞኒተር አውጥቼ ቀየርኩት። ሁለት ወር እኔው ሠርቼበታለሁ ጋሼ፣ ደህና ነው።»

«ለምን አልነገርካትም?»

«ብነግራት ትወስደዋለች? እሷ እንኳን የተከፈተ ሞኒተር፣ የተከፈተ ብስኩት አትገዛ።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። እህቴ እንደዛ ናት።

ሞኒተሩን ለሁለት ይዘን እህቴ ቤት ሄድን። በአዲሱ ኬብል ስናገናኘው ገጿ ተዘርግቶ መጣ። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ ከሩቅ የግርጌ ማስታወሻዋን አነበበች። የኬብሉንም ነገር አስረዳኋት።

«ይሁን። ጀርባው ላይ የተላጠው ብሎንስ? በጣቴ ዳስሼዋለሁ» አለች።

ይሠራል እኔን አየኝ። በአገጬ ወደሷ አመለከትኩት። ለኔ የነገረኝን ሁሉ መሬት መሬት እያየ ነገራት።

«ባሌ ይወቅ» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

«እሱ ከሰማማ ያ ሦስት ዓመት ተመልሶ ሊመጣ ነው። ጋሼ፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«ከሷ ከሰማ ክስ ነው፤ ከኔ ከሰማ ሽምግልና ነው። ካንተ ከሰማ ግን የወንድም ወሬ ነው» አልኩት።

እህቴ ዞር አለች። «እስከ ቅዳሜ ራት ድረስ አፌን እይዛለሁ። ሌባም አልልህም። ከዚያ ካለፈ ግን አላውቅም።»

የድሮውን ኬብል ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

«መኪና ተራው ጋ እጠብቀዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሻንጣውን ተቀብዬው፣ እዚህ ሳንደርስ መንገድ ላይ እነግረዋለሁ። ከፍቼው እንደነበር፣ ሳልነግርሽ እንደሸጥኩልሽም።»