ለእንግዳ የወረደ ክፍል

ልጄ አራተኛ ክፍል ስትደርስ ክፍሉ ፎቅ ላይ ሆነ። የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው፤ ደረጃ ለእሷ ያው ግድግዳ ነው። ዳይሬክተሩን፣ «አራተኛ ክፍልን ምድር ቢያወርዱልንስ?» ብዬ ለመንኩት። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ከኋላው ግን አንቱታ አይገባውም።

«እናት፣ እናስብበታለን» አለኝ። ተሸክሜ ላውጣት ስለው፣ «ብትወድቅ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ብሎ ከለከለኝ። የእሱ ቢሮ እንደሁ ምድር ነው፣ ምን ቸገረው!

አስቦ አስቦ ልጄን አሮጌ ካርታ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ዶላት። መምህሯ ብቅ ብላ የክፍል ሥራ ትሰጣትና ተመልሳ ትወጣለች። በእረፍት ጓደኞቿ እየተንጋጉ ይመጣሉ፤ ሲደወል ጥለዋት ይሮጣሉ።

«እማ፣ ክፍል ውስጥ የሆነውን እያነሱ ሲስቁ እኔም ዝም ብዬ አብሬ እስቃለሁ» አለችኝ አንድ ቀን።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ «ሁሉንም ልጅ እኩል በማስተማር አርአያ» ተብሎ ሊሸለም ነው፣ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ጉድ እኮ ነው! በዋዜማው ምድር ያለው የመምህራን ማረፊያ ተለቀቀ፤ ዴስክ ከፎቅ ሲወርድ ዋለ። ስንት ወር ያልተቻለው በአንድ ቀን ተቻለ።

በበነጋው ወላጅ ስለተጠራ ከኋላ ቆሜ አየኋት። መሃል፣ ከጓደኛዋ ጎን ተቀምጣለች። መምህሯ ጠየቀቻት፤ ተሳሳተች፤ ክፍሉ ሳቀ፣ እሷም ከት ብላ ሳቀች። ትምህርት ቤት ውስጥ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ዳይሬክተሩ ራሷን እየዳበሰ፣ «ልጃችን ናት» አለ። እንግዶቹ አጨበጨቡለት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ክፍሉ እዚያው ከቀረልኝ ብዬ ነዋ!

በማግስቱ ስንደርስ ዴስኮቹ ፎቅ ተመልሰዋል። መምህራኑ ማረፊያቸው ውስጥ ሻይ ይጠጣሉ። ልጄን እየገፋሁ ቢሮው ገብቼ ጮህኩበት። እሱ የሽልማቱን ምስክር ወረቀት ለመስቀል ሚስማር ይመታል።

«እናት፣ መምህራኑም እኮ ማረፊያ ያስፈልጋቸዋል» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ልጄ ታለቅሳለች ብዬ ስዞር ፊቷ ደህና ነው።

«ጋሼ» አለችው በትህትና፣ «እንግዶቹ ደግመው መቼ ነው የሚመጡት?»

መዶሻውን ይዞ ትንሽ አሰበ። የምሩን እኮ ነው ያሰበው።

«ዘንድሮማ አይመጡም፣ የኔ ልጅ» አላት።

ደወሉ ተደወለ። የት ልወስዳት? ገፍቼ እዚያው ካርታው ክፍል አስገባኋት።